ሲሾም ያልበላ አይቆጨውም

በአገራችን ከተጻፈው ሕግ ሁሉ ይልቅ የሚከበር አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ማንም በነጋሪት አላስነገረውም፤ ማንም ደግሞ አልሻረውም። ሕፃን በእናቱ ጕያ ሳለ ይሰማዋል፤ ሽማግሌ በሰንበቴ ላይ ይደግመዋል፤ ሹም ግን በልቡ ጽፎ ይዞት ከወንበሩ ላይ ይወጣል። እርሱም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከዚህ ተረት ጋር ለመሟገት ነው። አባቶቻችን በተረት ብዙ ጥበብ አውርሰውናል፤ ነገር ግን እንክርዳድ የሌለበት አውድማ እንደሌለ ሁሉ፣ ከጥበቡ ጋር ይህን መርዝ አብረው አውርሰውናል። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ሦስት ሐሰት ታጭቋል። መጀመሪያ፣ ሹመት ማለት መብል ነው ይላል። ሁለተኛ፣ የሚበላው እህል የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ባለቤት የሌለው ይመስል ዝም ብሎ ያልፋል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ሰው በመጨረሻው ቀን የሚጸጸተው ባልበላው ነው እንጂ በበላው አይደለም ይላል። እኛ ክርስቲያን ነን የምንል ሰዎች ጧት ስለ ፍርድ ቀን ሰምተን ከቤተ ክርስቲያን እንወጣለን፤ ማታ ይህንኑ ተረት ተርተን እንሥቃለን። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት ተስማምተው ያድራሉ?

የምኖረው በደብረ ወርቅ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ከተማችንን ያውቃታል። የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደብረ ወርቅ ማርያምም ከከፍታው ላይ ሆና ቁልቁል ታየናለች። ሕዝቡ ገበሬ ነው፤ ጤፍና ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይዘራል። ከዚህ አገር የቅኔ መምህር ብዙ ወጥቷል፤ ጀግናም ብዙ ወጥቷል። ሳይበላ የሚሾም ሰው እንዲወጣ ግን ፈቅደንለት እናውቃለንን? ስለዚህ ነገር አስቀድሜ የራሴን በደል ልናዘዝ።

ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ አስቀድሞ ነው። በወሩ በ21 ቀን የማርያምን ማኅበር ለመጠጣት ከአንድ ጎረቤታችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ጽዋው ከዞረ በኋላ ከመካከላችን አንድ ሰው ለመናገር ተነሣ። ይህ ሰው በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቅኔ የተማረ ነው። ኋላም ወደ አባቱ መንደር ተመልሶ በሁለት በሬ ያርሳል፤ በበዓል ቀን ከማኅሌት አይለይም። የተጣሉ ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የሚሄዱት ወደ እርሱ ነው። በሚያስታርቅበት ጊዜም ከሁለቱ ወገን ከማናቸውም ቤት ጠላ እንኳ አይቀምስም፤ «የታረቃችሁ ዕለት አብረን እንጠጣለን» ይላቸዋል።

እንዲህም አለ፦ «ወንድሞቼ፣ እኔ ለምክር ቤት በግሌ ልወዳደር አስቤአለሁ። ገንዘብ የለኝም፤ ድርጅትም የለኝም። ብመረጥ ከደመወዙ ለቤቴ ቀለብ የሚበቃኝን ወስጄ የቀረውን ለአብነት ተማሪዎች እሰጣለሁ። በየክረምቱም እየመጣሁ ምን እንደ ተናገርሁና ምን እንደ መለሱልኝ እነግራችኋለሁ። ምን ትላላችሁ?»

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። አንዱ «በመጀመሪያ ጫማህን ለውጥ» አለው። ሌላው «ቅስቀሳውን በአህያ ልታደርገው ነውን?» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ጾመኛ ቢሾምስ ምን ሊበላ ነው!» ብሎ ያንኑ ተረት አመጣ።

እኔ አልሣቅሁም። እኔ የሠራሁት ሥራ ከሣቅ የከፋ ነው፤ መከርሁት። ብዙ ዘመን በአስተማሪነት ስለ ኖርሁ ሰዎቹ ቃሌን ያከብሩልኛል። ማኅበሩ ሲፈታ በመንገድ ተከትሎኝ መጣና «ጋሼ፣ እርስዎ ከጎኔ ቢቆሙ ሕዝቡ ያምነኛል» አለኝ። እኔም «ልጄ፣ ጎመን በጤና ነው። አንተ ቅኔህን ዝረፍ፤ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ተውላቸው» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና «ጋሼ፣ ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ደኅና እደር ተባብለን ተለያየን። እርሱም አልተመዘገበም፤ እኔም ዐርፌ ተኛሁ። ዐርፌ የተኛሁ መሰለኝ እንጂ ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ አላስተኛኝም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሌሊት ያልመለስሁት መልስ ነው። በእርሱ ላይ የተነሡት ክርክሮች የእርሱ ማኅበርተኞች ብቻ አይደሉም፤ በአገሩ ሁሉ የሚነገሩ ናቸውና አንድ በአንድ ልመልስባቸው።

በመጀመሪያ «ፖለቲካ ቆሻሻ ነገር ነው፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እጁን አያስገባበትም» የሚሉ አሉ። እኔም በልቤ ከእነዚህ ወገን ነበርሁ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች መጽሐፈ መሳፍንትን አንብበዋል፤ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች የነገራቸውን ምሳሌ ያውቃሉ። ዛፎች ሁሉ ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ። ወይራን ለመኑት፤ ስለ ቅባቱ ሲል እንቢ አለ። በለስንም ለመኑ፤ ጣፋጭ ፍሬውን ትቶ መሄድን አልወደደም። ወይንም እንዲሁ። በመጨረሻ ፍሬም ጥላም የሌለውን እሾህ ቢለምኑት ወዲያው እሺ አለ፤ ገና ከመንገሡም ከእርሱ በሚወጣ እሳት ያስፈራራቸው ጀመር።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የምፈርደው በእሾኹ ላይ ነበር። አሁን ግን ፍርዴን ለወጥሁ። እሾህ በተፈጥሮው እሾህ ነው፤ ከእሾህ ጥላ የጠበቀ ሰው ሞኝነቱ የራሱ ነው። ወይራው ግን ምን ብሎ ያመካኛል? ቅባት ነበረው፤ ጥላ ነበረው፤ ነፋስ የማይጥለው ግንድ ነበረው። እንቢ ባለ ጊዜ ትሑት የሆነ መስሎት ይሆናል፤ ዳሩ ግን ዱሩን በሙሉ ለእሾህ አስረከበ። ከእሾህ የሚወጣ እሳት ደግሞ ወይራውን ዘሎ አያልፍም።

ቤት ቆሸሸ ብሎ ጥሎ የሚወጣ ባለቤት የለም፤ መጥረጊያ ያነሣል እንጂ። ደግሞስ ከፖለቲካ የምንሸሸው ወዴት ነው? በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ በጠፋ ጊዜ የክልላችን ገበሬ የዘር ጊዜው እያለፈበት ሲጮኽ፣ ነገሩ የእርሻ ነገር ብቻ ነበርን? ማዳበሪያ ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣው፣ የሚታደለውም በመንግሥት ውሳኔ ነው። ያን ጊዜ በመንገድ ያገኘሁትን ገበሬ ሁሉ «ለመሆኑ የእኛ እንደራሴ ማን ይባላል?» እያልሁ ብጠይቅ ስሙን የነገሩኝ ጥቂቶች ናቸው። በዚያው ዓመት ክረምት የተነሣው ጦርነትም የስንቱን ቤት እንደ ዘጋ፣ ስንቱን ልጅ ከትምህርት ገበታ እንዳስቀረ የጎጃም ሰው ነጋሪ አያሻውም። በምክር ቤት ውስጥ ቃል ዋጋ ባጣ ቍጥር በዱር ውስጥ ጠመንጃ ዋጋ ያገኛል። እንግዲህ «ፖለቲካ አልነካም» የሚል ሰው፣ ፖለቲካው እርሱን እንዳይነካው ማን ዋስ ሆነለት?

ሁለተኛው ክርክር «የራሱን ቤት ያላቀና ድኻ የእኛን እንዴት ያቀናል?» የሚል ነው። ይህ ክርክር በአገራችን ሕግ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጠ። ያን ጊዜ የፖለቲካ ድርጅት አልነበረም፤ የተወዳደረው ሰው ሁሉ በግሉ ነበር። ነገር ግን ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው በሕግ የተወሰነ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። በሩ ለሁሉ የተከፈተ ይመስላል፤ መድረኩ ላይ ግን ሚዛን ተቀምጧል፤ የሚመዘነውም የሰው ልብ ሳይሆን ሀብቱ ነው።

የዚህንም ፍሬ ጎጃም ዐይቶታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ መሬቴ ይለካል፣ በዚሁም ሰበብ ርስቴ ይወሰዳል ብሎ ፈራ። ሽማግሌ ላከ፤ አቤት አለ፤ ሰሚ ባጣ ጊዜ በሞጣ፣ በዳሞት፣ በሌላውም ስፍራ ጠመንጃውን አንሥቶ ተቃወመ። ጦር ተላከበት፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ አገረ ገዡ ተነሣ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተደረሰበት ውሳኔ፣ የገበሬን ልብ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢገኝ አስቀድሞ በምክር ቤት ውስጥ በቃል ሊያስረዳው የሚችል ነበር። ምክር ቤት ነበረን፤ በሁለት በሬ የሚያርሰው ሰው ግን በምክር ቤቱ ውስጥ ወንበር አልነበረውም።

ከዚህ ታሪክ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። በግል መወዳደር በራሱ ጽድቅ አይደለም። የዚያ ዘመን እንደራሴዎች ሁሉ በግላቸው የተወዳደሩ ነበሩ፤ ሆኖም በግል የቆመ ሁሉ ለሕዝብ የቆመ አልነበረም። ለግሉ የቆመም በግሉ ይወዳደራልና። ስለዚህ ሰውዬው ብቻውን መቆሙን ብቻ ሳይሆን፣ ብቻውን ሲቆም ምን እንደ ያዘና ምን እንደ ጣለ ማየት ያስፈልጋል።

«የተራበ ከተሾመ ይበልጥ ይበላል፤ የጠገበ ይሻላል» የሚልም አይጠፋም። ይህ ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ ባለጠጎች ሲሾሙ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሞልቶ በተረፈ ነበር። ስስት የባዶ ሆድ ልጅ አይደለም። የባዶ ሆድ ረኃብ በአንድ እንጀራ ይታገሣል፤ የስስት ረኃብ ግን በበላ ቍጥር ይሰፋል። ደግሞ ድኽነትና ቀላል ኑሮ አንድ አይደሉም። ድኽነት ሰው ሳይወድ የሚጫንበት ቀንበር ነው፤ ድኽነትን ማመስገን የድኻን ጀርባ አይቶ መዘበት ነው። ቀላል ኑሮ ግን ሰው «ይህ ይበቃኛል» ብሎ በራሱ ላይ የሚያኖረው ልክ ነው። ልኩን ያላወቀ ሰው ድኻም ቢሆን ሀብታም፣ ሥልጣን ስትሰጡት በጎተራ አጠገብ የተፈታ በሬ ነው።

ለምርጫ ብዙ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ገንዘቡን ከየት እንደሚመልሰው አስባችሁ ታውቃላችሁን? ዘር የማይመለስለት ገበሬ እንደሌለ ሁሉ፣ ለወንበር የዘራውን ሳያጭድ የሚሄድ ነጋዴ የለም። ያበደረው ባለወረት ከሆነም ዕዳው የሚከፈለው በገንዘብ አይደለም፤ በመሬት፣ በፈቃድ፣ በጨረታ ነው። ከፋዩም እናንተ ናችሁ። በሁለት በሬ የሚያርሰው ሰው ግን ለማንም ዕዳ ሳይገባ ይሄዳል፤ ዕዳ የሌለበት ምላስ ደግሞ አይታሰርም። ቀላል ኑሮ ለፖለቲካ ሰው የጽድቅ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የነጻነቱ ቅጥር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ ነህምያን ጥሩ። በፋርስ ንጉሥ ዘመን ዐሥራ ሁለት ዓመት የይሁዳ ገዥ ሆኖ ሲኖር፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዦች ከሕዝቡ ይወስዱት የነበረውን የገዥነት ቀለብ አልበላም፤ በሕዝቡ ላይ የወደቀው ሸክም ከባድ መሆኑን አይቶ ነው። ሳሙኤልንም ጥሩ። በሸመገለ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ በሬውን ወይም አህያውን የወሰድሁበት፣ የበደልሁት፣ ከእጁ መማለጃ የተቀበልሁት ሰው ካለ በፊቴ ቆሞ ይመስክር ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ከሳሽ ታጣ። ሳሙኤል ሲሾም አልበላም፤ ሲሻርም አልቆጨውም። እንዲያውም ራሱን ቀና አድርጎ የወረደ ሹም ማየት ከፈለግን እርሱን እንይ። ከእኛ ዘመን ሹሞች መካከል በተሻረ ማግስት በአደባባይ ቆሞ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ የሚደፍር ስንት ነው?

ሦስተኛው ክርክር «አንድ ሰው ብቻውን ምን ያደርጋል? ድር ቢያብር ነው አንበሳ የሚያስር» የሚል ነው። ይህ ክርክር ከሌሎቹ ይከብዳልና በትዕግሥት ልመልሰው። እኔ የፖለቲካ ድርጅት ጠላት አይደለሁም። ሰዎች በአሳብ ተባብረው መሥራታቸው መልካም ነው። የምክር ቤትም ሒሳብ ለብቸኛ ሰው አይመችም። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በግል የተወዳደረ ሰው ያገኘው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ያችም አንዲት ጠፍታ 547ቱንም ገዥው ድርጅትና አጋሮቹ ወሰዱት።

ነገር ግን አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ ስለ እንደራሴዎች የሚናገረውን አስተውሉ። የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሦስት ነገሮች ነው፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው። ድርጅት የሚል አራተኛ ጌታ አልተጻፈም። የድርጅት ሰው ቢሆንም እንኳ ድርጅቱ ከሕሊናው ጋር በተጣላ ጊዜ ወዴት ማዘንበል እንዳለበት ሕጉ ነግሮታል። እንግዲህ በግል የሚወዳደር ሰው እንግዳ ፍጥረት አይደለም፤ ሁሉም ሊሆኑ የሚገባቸውን ሆኖ የሚገኝ ሰው ነው። በማኅሌት መቶ ሰው ዜማ ቢስት አንዱ ዐዋቂ ያቀናዋል፤ መቶው ስለ በዛ ስሕተቱ ዜማ አይሆንም። አንድ ሰው በምክር ቤት ውስጥ ዐዋጅ ለማጽደቅም ሆነ ለመሻር አይችል ይሆናል፤ ጥያቄ መጠየቅ ግን ይችላል፤ ጥያቄው ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ማንም «አላወቅንም ነበር» ሊል አይችልም።

የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል። እሳቸው በ1935 ዓ.ም. በወለጋ በደምቢ ዶሎ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ጊዳዳ ሶላን በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዐይነ ስውር የሆኑ፣ ለምነው ያደሩ፣ ኋላም ወንጌል ሰባኪ ሆነው በአገራቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ርእሰ ብሔር ሆኑ። በ1993 ዓ.ም. ከድርጅታቸው ጋር ተጋጭተው ተለያዩ። ዝም ብለው ቢቀመጡ ለቀድሞ ርእሰ ብሔር የተመደበው ጥቅም ሁሉ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ባልተቋረጠባቸው ነበር። እሳቸው ግን በ1997 ዓ.ም. ወደ ትውልድ አገራቸው ወርደው በግል ተወዳደሩ፤ ሕዝቡም መርጦ ወደ ምክር ቤት ላካቸው። በዚህም ምክንያት ጥቅሙ ተቋረጠባቸው። በ2011 ዓ.ም. በጀርመን አገር ዐረፉ።

በሁሉም አሳባቸው መስማማት አያስፈልግም፤ እኔም አልስማማም። ደግሞም እሳቸው የእኔ አገር ሰው አይደሉም፤ የአባታቸውም ቤተ ክርስቲያን የእኔ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ነገር ግን ከርእሰ ብሔርነት ወንበር ወርዶ በአንድ የገጠር ከተማ እንደ ማንኛውም ሰው «ምረጡኝ» ብሎ መቆም፣ ቆሞም የኑሮን ምቾት ማጣት፣ ያንን ተረት በሥራ መሻር ነው። ተረቱ ልክ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው በቁጭት መሞት በተገባው ነበር። ዳሩ ግን ከእሳቸው ጋር በዚያ ዘመን የበሉ ስንቶች ስማቸው ጠፍቶ የእሳቸው ስም በክብር ሲነሣ እንሰማለን። ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳም በ1992 ዓ.ም. በግል ተወዳድረው አልተመረጡም ነበር፤ ከብዙ መከራ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የዚያው የምርጫ ሥራ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ብቻውን የቆመ ሰው ፍሬ በተዘራበት ዓመት ላይታጨድ ይችላል፤ አልተዘራም ማለት ግን አይደለም።

አራተኛው ክርክር የብልሆች ክርክር ነው። «በሃይማኖቱ የሚመራ ሰው ሃይማኖቱን በእኛ ላይ ይጭንብናል» ይላሉ። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትንና ሃይማኖትን የለየው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም እላለሁ፦ መስቀል በምርጫ ወረቀት ላይ አትሞ «እኔን ካልመረጣችሁ እግዚአብሔርን ካዳችሁ» የሚል ሰው ከእሾኹ ይብሳል። እሾህ ቢያንስ ወይራ ነኝ አላለም። በምርጫ ሰሞን ብቻ የተቀደደ ነጠላ ለብሶ በዐውደ ምሕረት ፊት የሚታይ፣ ምርጫው ሲያልፍ ነጠላውንም ሕዝቡንም የሚጥል ሰው አይተናል።

ነገር ግን በሃይማኖት ስም መግዛትና በሃይማኖት ራስን መግዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሕጉን በሰው ጫንቃ ላይ ያኖራል፤ ሁለተኛው በራሱ ጫንቃ ላይ ያኖራል። የመጀመሪያው ጎረቤቱን ጹም ይላል፤ ሁለተኛው ራሱ ጾሞ ለጎረቤቱ ያካፍላል። እንዲህ ያለውን ሰው እስላሙ ጎረቤቱም፣ ጴንጤው ጎረቤቱም፣ ሃይማኖት የሌለውም ሰው አይፈራውም፤ የሚፈራው የሕዝብ ገንዘብ የሚሰርቅ ብቻ ነው። ሃይማኖት የለኝም ይሉ የነበሩት የኡራጓዩ ፕሬዚዳንት ሆሴ ሙሂካ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 አገራቸውን ሲመሩ ቤተ መንግሥቱን ትተው በትንሽ የእርሻ ቤታቸው ኖሩ፤ ከደመወዛቸው አብዛኛውን ለድኾች ሰጡ፤ በአሮጌ ቮልስዋገን ይሄዱ ነበር። እኛ በየሳምንቱ የምንሰማውን ስብከት ያልሰማ ሰው ሠርቶት ሲገኝ፣ ሰሚዎቹ ማፈር አይገባንምን?

እንግዲህ ክርክሩን እዚህ ላይ ልግታና ስለሚደረገው ነገር ጥቂት ልናገር። ተወዳዳሪ ወደ ደጃችን ሲመጣ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። ከመሾምህ በፊት በማን ላይ ሥልጣን ነበረህ፣ እንዴትስ ያዝኸው? ሰው በአንድ ጥማድ በሬ፣ በአንዲት ሚስት፣ በአንድ ዕድር ገንዘብ ላይ ያልታመነ እንደ ሆነ በአገር ላይ አይታመንም። ለመምጣትህ ወጪውን ማን ቻለልህ? መልሱን ሊነግራችሁ የማይፈልግ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ከተመረጥህ በኋላ የት እናገኝሃለን? ቀን ቆርጦ፣ ቦታ ቆርጦ ይናገር። አመኔታ የታጣበትን እንደራሴ መራጩ ሕዝብ በሕግ መሠረት ሊያወርደው እንደሚችል ያው ሕገ መንግሥት ጽፏል፤ ይህ መብት እንዳለን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

ደግሞ ለመራጩ ወንድሜ አንድ መራራ ቃል አለኝ። እኛ «ሹሞች ይበላሉ» እያልን እናማርራለን፤ ነገር ግን ከሰንበቴያችን አንድ ልጅ ቢሾም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ለእኛ ምን አመጣህ?» ብለን ነው። ለወንድሙ ልጅ ሥራ ያላስገባ ሹም ከዘመድ ይቆጠራልን? ቤት ያልሠራ ሹም ሲመለስ «ሞኝ፤ ሳይበላ ወረደ» ብለን አልተሣለቅንበትምን? ሌባውን የምንሰድበው ሌባ ስለ ሆነ ይሁን፣ ወይስ ድርሻችንን ስላላገኘን? የተረቱ ደራሲ ሹሙ አይደለም፤ እኛ ነን። እኛ በሣቅ ካልገደልነው ይህ ተረት በሕግ አይሞትም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ዝም ብዬ አየሁት፤ ዝምታ ይነቅዛል። በአንድ ምክር የጓደኛዬን አሳብ ሳስቀር ሰላም የገዛሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለፈው ዘመን ምን ዓይነት ሰላም እንደ ገዛሁ አሳይቶኛል። እርሱ ያን ጊዜ ቢወዳደር ይመረጥ ነበር አልልም፤ ቢመረጥም አገሩን ያድን ነበር አልልም። ነገር ግን ልጆቻችን በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ያለ ገንዘብ፣ ያለ ጠመንጃ፣ ያለ ዘመድ ብርታት፣ ሕሊናውን ብቻ ይዞ ሲቆም ባዩ ነበር። ይህን ያየ ልጅ መንገዱ ሁለት ብቻ እንዳልሆነ፣ ማለት መብላት ወይም መሸፈት ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ይህን ሦስተኛ መንገድ ከዓይናቸው የሸፈንሁት እኔ ነኝ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ ቤቱ ሄጄ ይህንኑ ነገርሁት። አልተቆጣም። ለበሬዎቹ ጭድ እየሰጠ ሰማኝና «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ እኔም ቶሎ ነው የተውሁት» አለኝ። ወደፊት ይወዳደር እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ነገር ግን እርሱም ቢሆን፣ ሌላም ሰው ቢሆን፣ ወንድም ትሁን ሴት፣ ንጹሕ እጅና የሚበቃውን የሚያውቅ ልብ ይዞ ደጄን ቢያንኳኳ፣ በዚህ ባረጀ ጕልበቴ ከጎኑ ቆሜ በአደባባይ «አውቀዋለሁ» ብዬ እመሰክርለታለሁ።

«ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?» ላልኸኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ ልጄ፣ ባለቤቶቹ እኛ ነበርን፤ ቤታችንን ትተን በደጅ የቆምን እኛ ነን። ለልጅ ልጆቻችንም ያንን አሮጌ ተረት አናውርሳቸው፤ በእርሱ ፈንታ «ሲሾም የበላ ሲጠየቅ ይቆጨዋል» እያልን እናስተምራቸው። እግዚአብሔር ወይራውን ከዝምታው ያስነሣልን፤ ለእኛም ከጎኑ የምንቆምበትን ጕልበት ይስጠን።